ጉልበት የመሰለኝ በሽታ

የጌታ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን ወገኖቼ! መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ማይክ ስይዝም የመጀመሪያዬ ነው። ከጮህኩባችሁ ይቅር በሉኝ፤ የምነግደው መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ነው፣ እዚያ ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው ገዢ አያገኝም። ዛሬ ልናገር ብዬ መሪዎቹን የለመንኩት እኔው ነኝ። ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ልል ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ሃሌሉያ! እስቲ ታገሱኝና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ብርቄ እባላለሁ። ብዙዎቻችሁ «የእማማ ደብሪቱ ምራት» እያላችሁ ነው የምታውቁኝ። እማማ ደብሪቱ እነሆ፣ እዚህ ፊት ለፊት ምርኩዛቸውን ይዘው የተቀመጡት ናቸው፤ የባለቤቴ የተስፋዬ እናት። ተስፋዬ አይሱዙ ነው የሚነዳው፤ ከባሕር ዳር እህል ያመላልሳል። ቤታችን ውስጥ አባወራ አለ ይባላል እንጂ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እሱም ከኋላ ቆሞ እየሰማኝ ነው።

እኔ ማን ነበርኩ መሰላችሁ? የሰፈር ሰው ያወጣልኝ ስም «ሞተሯ» ነበር። ቤታችን ከመሳለሚያ ጀርባ ነው፤ ከእኔ ቀድሞ የሚነሳ ሰው የለም። መጀመሪያ ውሻው። ተስፋዬ ከመንገድ ያመጣው ቦቢ የሚባል ውሻ አለን፤ አርጅቷል፣ ዓይኑ አያይም፣ ጥርሱም አልቋል። ለእሱ ሳንባ እቀቅላለሁ፣ አድቅቄ እከትፋለሁ፣ ዓይኑ ላይ ጠብታ አደርጋለሁ። ከዚያ ሁለቱን ልጆቼን አጥቤ፣ ምሳ ዕቃቸውን ሞልቼ ትምህርት ቤት። ተመልሼ የእማማን ስኳር እለካለሁ፣ ኢንሱሊናቸውን እወጋለሁ፤ የከሰዓቱንም የምወጋቸው እኔው ነኝ። ከዚያ በሩጫ ወደ ሱቅ።

ሱቄ ቅመምና ጥራጥሬ ነው። ጥራጥሬ ያለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ካለ ድመት ግድ ነው። አንዲት ድመት አስገባሁ፣ በመልኳ ዳማ አልኳት። ዳማ ወለደች። ከዚያ «ብርቄ ድመት ትወዳለች» ተብሎ ተወራና ያገኘ ሁሉ ግልገል በካርቶን እያመጣ በሬ ላይ ጥሎብኝ ይሄድ ጀመር። እንዴት ልጣላቸው? ድመቶቹ አይጥ ሊጠብቁልኝ መጡ፤ ኋላ እኔ የድመት አሽከር ሆኜ አረፍኩት። ለነሱም ሳንባ ነው። ሥጋ ቤቱ አንድ ቀን «ብርቄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ እቤትሽ አንበሳ ታረቢያለሽ እንዴ?» አለኝ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ። የሰው ሠርግ ሲደርስ በርበሬ የማስፈጭ እኔ፣ እድር ላይ ድስት የማስተባብር እኔ፣ የጎረቤት ልጅ ሲያመው ጤና ጣቢያ የምወስድ እኔ። አንድ ሰው «ብርቄ ትችላለች» ካለ አለቀ፤ እንቢ የምትለዋ ቃል ከአፌ አትወጣም። በኋላ ደግሞ፣ ወገኖቼ፣ የሚገርም ነገር መጣ። እንቅልፍ ጠፋብኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ! እንቅልፍ ከሌለ ጊዜ አለ ብዬ ሌላ ሥራ ጨመርኩበት። ሰውነቴ ከሳ፤ ሴቶቹ «ውይ ብርቄ፣ እንዴት አማረብሽ፣ ምን ጠጥተሽ ነው?» ይሉኛል። ይሞቀኛል፣ ያልበኛል፤ በክረምቱ ብርድ ሻርፕ አውልቄ እሮጣለሁ። ደከመኝ የሚባል ነገር ጠፋ። ጉልበት ተሰጠኝ ብዬ አመሰገንኩ እኮ!

እርግጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥቁር አዝሙድ በሚዛን ሳደርግ ግማሹ መሬት ነው የሚፈሰው። ትንሿ ልጄ «እማዬ፣ ዓይንሽ ለምን ይፈጣል?» አለችኝ። አንገቴም አብጧል፤ እንቅርት ነው፣ በአገራችን ስንት ሰው ይዞት ይኖራል ብዬ ናቅሁት። ልቤ ደግሞ ደረቴን እየደበደበ አላስተኛ ሲለኝ ተነስቼ ምስር እለቅም ነበር።

እግዚአብሔርን አላውቀውም ነበር አልልም። በስሙ እምላለሁ፣ ሲያደናቅፈኝ እጠራዋለሁ። ጊዜ ግን ሰጥቼው አላውቅም። እሑድ እሑድ እማማን ደግፌ እስከዚህ አዳራሽ በር አደርሳቸዋለሁ፤ መዝሙሩ ሲጀመር እሰማለሁ፣ ዞር ብዬ እሮጣለሁ። የዚህን በር ብረት ከማንኛችሁም በላይ አውቀዋለሁ፤ ውስጡን ግን አላየሁትም ነበር። እማማ «ልጄ፣ ነይ እስቲ ቁጭ በይ፣ ልጸልይልሽ» ይሉኛል። እኔ «እማማ፣ አሁን ጊዜ የለኝም፤ ከፈለጉ እየሠራሁ ይጸልዩልኝ» እላቸዋለሁ። ምን ያድርጉ? ምርኩዛቸውን ይዘው ማድቤት ይመጡና፣ እኔ የቦቢን ሳንባ ስከትፍ ጀርባዬ ላይ እጃቸውን ጭነው ይጸልያሉ። ወደ ምድጃው ስሄድ አብረውኝ ይሄዳሉ፤ ወደ ቧንቧው ስመለስ አብረውኝ ይመለሳሉ። «አሜን» የምለው እንኳ ቶሎ እንዲያበቁልኝ ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ!

አሁን ወደ ሱቁ ልመልሳችሁ። ከሱቄ ጎን ጋሼ ከድር አሉ። ጆንያና ገመድ ነው የሚሸጡት፤ ከስልጤ መጥተው መርካቶ ያረጁ ሰው ናቸው። ዓርብ የጁምዓ ሶላት ሲደርስ ሱቃቸውን አይዘጉም። አንዲት ዱላ አለቻቸው፤ እሷን በሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ያጋድሙና መስጊድ ይሄዳሉ። ዱላ የተጋደመበት ሱቅ ባለቤቱ ለሶላት ሄዷል ማለት ነው፤ ያንን አልፎ የሚገባ የለም። እኔ ይሄ ነገር በጭራሽ አይዋጥልኝም። «ጋሼ ከድር፣ በመርካቶ ሱቅ በዱላ ይጠበቃል?» ስላቸው «ልጄ፣ ዱላ መች ይጠብቃል፣ ጠባቂው ሌላ ነው» ይሉኛል። እኔ ግን አላምንም። እሳቸው ሲሄዱ በሬ ላይ ወጥቼ «ይሂዱ፣ እኔ አለሁ!» ብዬ ከኋላቸው እጮሃለሁ፤ እስኪመለሱ የሳቸውንም ሱቅ በዓይኔ እጠብቃለሁ። በየሳምንቱ እንደዚያ ነበር። ማንም ጠብቂ አላለኝም፤ በራሴ ላይ የጨመርኩት ራሴ ነኝ።

አንድ ዓርብ ዳማ ልትወልድ ከጓዳው ጆንያዎች መሃል ገባች። ምጥ ጠናባት፣ ትጮሃለች። ስልኬም ይጮሃል። ገዢም ይጠራል። እኔ የበሩን ላሜራ ወደ ታች ሳብኩና ከውስጥ ቆለፍኩት። አንዴ ጀርባዬን ስሰጥ ሌባ ገብቶብኝ ስለነበር አንድ ቁልፍ አይበቃኝም፤ ሦስቱንም ነው የምቆልፈው። ወደ ዳማ ጎንበስ ስል ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተገለበጠ። ልቤ እንደ ወትሮው መምታቱን ትቶ ዝም ብሎ ይርገፈገፋል። ዓይኔ ጨለመ፤ ኮረሪማው ላይ ወደቅሁ።

ወገኖቼ፣ እስቲ አስቡት። ከላሜራው ወዲያ መርካቶ አለ። ባለጋሪዎቹ «ዞር በል፣ ዞር በል!» ሲሉ ይሰማኛል፤ ሰው በሬን እየታከከ ያልፋል። ያ ሁሉ ሕዝብ ክንድ በማይሞላ ርቀት እያለ እኔ አንድ ሰው መጥራት አቃተኝ። ድምፄ አልወጣም። በሩን ደግሞ የቆለፍኩት በገዛ እጄ ነው። እዚያ ተኝቼ የገባኝ ነገር ቢኖር እሞታለሁ፤ ማንም ሳያየኝ፣ ከድመቴ ጎን እሞታለሁ። ስለ ልጆቼ ሳስብ እንባዬ ወረደ። መጸለይ ፈለግኩ፤ ምን እንደሚባል አላውቅም። በልቤ «አንተ የእማማ አምላክ…» አልኩ። ከዚያ በላይ አልመጣልኝም።

ይኸው ነበር ጸሎቴ። አላለቀም እንኳ!

የጋሼ ከድር ዱላ ስትጋደም ቀጭ አለች። ጫማቸው እየተራመደ ራቀ። በቃ፣ እሳቸውም ሄዱ አልኩ። ከዚያ እርምጃው ቆመ። ተመለሰ። ላሜራውን መቱና «ብርቄ! ብርቄ፣ ዛሬ አልጮህሽብኝም እኮ! ምነው?» አሉ። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ይቺ ልጅ ሳትጮህብኝ ሄጄ አላውቅም፤ ቁልፉ ከውስጥ ነው፣ ወላሂ ደህና አይደለችም!» ሲሉ ሰማኋቸው። ሰው ተሰበሰበ። ከጎን ካለው ረድፍ ብረት ሠራተኞች መጥተው ላሜራውን ቆረጡት። የብረቱ ፍንጣሪ እየዘለለ ብርሃን ሲገባ አየሁ።

ክብር ለስሙ ይሁን! አሜን በሉ እንጂ! ያ ሁሉ ዓርብ ማንም ሳይጠይቀኝ የጮህኩት ጩኸት ከንቱ መስሎኝ ነበር። ድምፄ በጠፋ ቀን እግዚአብሔር በዝምታዬ ሰው ጠራልኝ! ለእማማ አምላክ ጮህኩ፤ የመጡልኝ ጋሼ ከድር ናቸው። እንዴት እንደሚሠራ እሱ ያውቃል፤ እኔ እስከ ዛሬ አፌን ይዤ እደነቃለሁ።

መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ስለነበር እስከ አስፋልቱ ያደረሱኝ በእጅ ጋሪ ነው፤ የበርበሬ ጆንያ በሚጫንበት። እኔ ግን ምን እል ነበር መሰላችሁ? «በሬ! በሬ ተቆርጧል፣ ሱቄ ክፍት ነው!» እየሞትኩ እኮ ነው! ጋሼ ከድር ዱላዋን ከራሳቸው በር ላይ አንስተው የእኔ በር ላይ አጋደሟት። የራሳቸውን በር ባዶውን ተውት። ጁምዓቸው አልፏቸው ከጋሪው ጎን እየሮጡ፣ ከአስፋልቱም በመኪና ሆስፒታል ድረስ አብረውኝ መጡ። ማታ ሲመለሱ ከሁለቱም ሱቅ አንዲት ፍሬ ኮረሪማ አልተነካችም። መርካቶ ነው የምላችሁ!

ሆስፒታል አንድ ወጣት ዶክተር መረመረኝ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው ከማሽን ጋር አገናኙኝ፤ ማሽኑ ያለ ሥርዓት ይጮሃል። «እህቴ፣ እንዲህ ከሆንሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አለኝ።

«ምን ሆንኩ? እኔ እኮ ጠንካራ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ስሠራ ነው የምውለው» አልኩት።

«ይሄ ጉልበት አይደለም» አለኝ። «አንገትሽ ላይ ያለው ዕጢ ከልክ በላይ እየሠራ ነው። ነዳጅ ረግጦ እግሩን ማንሳት ያቃተው ሹፌር ያጋጥማል አይደል? ሰውነትሽን እንደዚያ ነው የሚነዳው። አሁን ልብሽ ምቱን ስቷል። ካልተረጋጋ ልናጣሽ እንችላለን።»

የምኮራበት ነገር ያ ብቻ ነበር እኮ። እሱ ደግሞ በሽታ ነው ተባልኩ።

ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ እንዲህ ተብሎም ብርቄ አልተመለሰችም። «ዶክተር፣ መርፌውን ቶሎ ይስጡኝና ልሂድ፤ የአማቴ ኢንሱሊን ሰዓት ደርሷል፣ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ይወጣሉ፣ ደግሞ ምጥ ላይ ናት» አልኩት። ደንግጦ «ማን ናት ምጥ ላይ ያለችው?» አለ። «ድመቴ!» አልኩት። ነርሷ ፊቷን አዞረች። ዶክተሩ ግን አልሳቀም። «እህቴ፣ ከዚህ አልጋ ከወረድሽ ትሞቻለሽ» ብሎኝ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ። እኔ ምን አደረግኩ? ጫማዬን ፈለግኩ። ግሉኮሱን ነቅዬ እግሬን መሬት ሳደርግ ጉልበቴ እንደ ጨርቅ ታጠፈ። ነርሶቹ አንስተው መለሱኝ። ያን ጊዜ የምር ፈራሁ። መሞት ብቻ አይደለም ያስፈራኝ፤ ሁሉም ነገር ከእጄ ላይ ሊወድቅ ነው፣ የሚይዘውም የለም አልኩ።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና እማማ ደብሪቱ ገቡ! እኔ ካልደገፍኳቸው ከደጅ የማይወጡት ሴት፣ ጋሼ ከድር ደውለውላቸው፣ ተስፋዬ መንገድ ላይ ስለነበር ብቻቸውን ኮንትራት ታክሲ ይዘው።

«እማማ! ኢንሱሊንዎስ? ማን ወጋዎት?»

«ማን ይወጋኛል? ራሴ ነዋ።»

«ይችላሉ እንዴ?»

«ድሮም እችላለሁ። አንቺ እኛ ቤት ሳትገቢ ማን ይወጋኝ ኖሯል? ከእጄ ቀማሽኝ እኮ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አሉኝ?»

እጄን ያዙኝ። «ልጄ» አሉኝ፣ «አንቺ አጠገቤ የምትቆሚው መርፌውን ስትወጊኝ ብቻ ነው። ያቺን ደቂቃ ፈልጌ ነው ክንዴን የሰጠሁሽ። አንቺ ስትወጊኝ እኔ እጸልይልሽ ነበር።»

ወገኖቼ… ትንሽ ታገሱኝ። ይሄን ስናገር ሁልጊዜ ያስለቅሰኛል። በየቀኑ እኚህን ሴት የምሸከማቸው እኔ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ክንዳቸውን እያስወጉ እኔን ተሸክመውኝ ነበር! እንዲህ ያለ ፍቅር የት አይታችኋል? እኔ ያን ቀን እሳቸው ውስጥ ያየሁት ጌታን ነው። ሃሌሉያ!

እኔ ግን አሁንም ልቤ አላረፈም። «ልጆቹስ?» አልኳቸው። «ጎረቤት ወስዳቸዋለች፣ እየተጫወቱ ነው።» «ቦቢስ?» «ሽሮ ፍትፍት በልቶ ተኝቷል።» «እማማ፣ ቦቢ ሽሮ አይበላም!» «ለአንቺ ነው የማይበላው» አሉኝ። ሳቅሁ፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ተለወጠብኝ። «እማማ፣ ሁሉም ያለ እኔ ከሆነ እኔ ለምን እፈለጋለሁ?» አልኳቸው። ይቺ ጥያቄ ነበረች ወገኖቼ። ያን ሁሉ ዘመን ያስሮጠችኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ብቆም ማንም የማይፈልገኝ ይመስለኝ ነበር።

እማማ ፀጉሬን ወደ ኋላ መለሱና «ይሄ ሞተር ቢያርፍ፣ አንቺ ከእንግዲህ ዕቃ ማንሳት ባትችዪ፣ አልጋ ላይ ብትቀሪ፣ እኔ እናትሽ ነኝ። ተስፋዬ ባልሽ ነው። ልጆቹ ልጆችሽ ናቸው። ጌታ ኢየሱስም አሽከር ጠፍቶት አይደለም የሞተልሽ፤ አንቺን ራስሽን ፈልጎ ነው» አሉኝ። ከዚያ ያቺን የለመድኳትን ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «ልጸልይልሽ?»

ያን ቀን ጊዜ የለኝም አላልኩም።

እሳቸው ጸለዩ፤ እኔም ተከትዬ ጸለይኩ። አላማረም፣ በትክክል አልወጣም፣ ንፍጤና እንባዬ አንድ ላይ ነው። «ጌታ ሆይ፣ ሱቁንም ያዘው፣ ልጆቹንም ያዘው፣ ድመቶቹንም ያዛቸው። ይሄን ልብም ያዘው። እኔንም ያዘኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነኝ» አልኩ። ሌላ አላልኩም። ከዚያ የሆነውን እስከ አሁን ማስረዳት አይሆንልኝም። በቀን ብርሃን፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ በሽተኛው እያቃሰተ፣ አስታማሚው መክሰስ እያወጣ፣ እኔ ተኛሁ! ሕልም የለ፣ መባነን የለ። ከሕፃንነቴ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

ስነቃ መጀመሪያ የሰማሁት ዝምታውን ነው። ማሽኑ አይጮህም። ሞትኩ መሰለኝ። ዓይኔን ስገልጥ ዶክተሩ አጠገቤ ቆሞ ስክሪኑን ያያል፤ መስመሩ እኩል እኩል እየዘለለ በሥርዓት ይሄዳል፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። «ምቱ ተስተካክሏል» አለ፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል ነበር። «መድኃኒቱ እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ እንዲህ ቶሎ ግን አልጠበቅኩም። ምን አደረግሽ?»

«ተኛሁ» አልኩት።

«እሱን አይቻለሁ። ከዚያ በፊት የተኛሽው መቼ ነው?» አለኝ። ብቆጥር ብቆጥር ቀኑ ጠፋብኝ። እማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው «ስሙ ይባረክ፣ ስሙ ይባረክ» ይላሉ፤ ነርሷ ቆማ ታያቸዋለች። እኔ ያን ቀን እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ የልቤን ምት አዳመጥኩ። በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እኔ ሳላዘው፣ ሳልጠብቀው፣ ሳልገፋው ለካ ይመታል! ይህን የሚያስመታው ማን ነው? እንዴት ሳላመሰግነው ኖርኩ? ጌታ ሆይ፣ ተመስገን!

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ ዶክተሩም አደራ ብሎኛል። መድኃኒቴን አልተውኩም። በየቀኑ እውጣለሁ፣ በቀጠሮዬ እሄዳለሁ። በዶክተሩም እጅ ጌታ ነው የሠራው ብዬ ነው የማምነው፤ ማናችሁም ተፈወስኩ ብላችሁ ኪኒን እንዳትጥሉ።

ከሆስፒታል ስወጣ ሱቁ ፈርሶ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር። ላሜራው ተበይዷል። የጎደለ በርበሬ የለም። ዳማን ጋሼ ከድር ከነግልገሎቿ ጆንያ ላይ አስተኝተዋታል። ለካ የሳቸውንም ጆንያ አይጥ ሲበላው ኖሯል፤ ድመት ስጪኝ ለማለት አፍረው ነው። «ልጄ፣ አንቺ ሁሉን ስትይዢ ሰው ምን ይበልሽ?» አሉኝ። አሁን ሁለቱ የሳቸው ናቸው፤ ሌሎች ግልገሎችም አሉኝ፣ የምትፈልጉ ከጉባኤው በኋላ አናግሩኝ። የምር ነው!

ዛሬ ቦቢን ልጆቹ ያበሉታል፤ አንዳንዴ ያበዙበታል፣ ዝም እላለሁ። እማማ ራሳቸው ይወጋሉ፤ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አብሬያቸው እጸልያለሁ። ለእድሩ «ዘንድሮ አልችልም» አልኳቸው፤ ቃሏ ከአፌ ስትወጣ ሰዎቹ ብቻ ሳይሆኑ እኔም ደነገጥኩ። እሑድ ከበሩ አልመለስም፤ ይኸው ገባሁ። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ቀን ያ ሩጫ ይነሳብኛል፤ ያኔ እማማ «ብርቄ» ይሉኛል፣ ሌላ ምንም አይሉም፣ ይገባኛል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሰዓትሽን እያየሽ ያለሽ እህቴ፣ አውቅሻለሁ። ምድጃ ላይ የተውሽው ነገር አለ፣ የሚጠብቅሽ በሽተኛ አለ፣ ሰኞ የምታደርሺው ሥራ አለ። ወንድሜ፣ አንተም እንደዚያው። እኔ ልወቅሳችሁ አልወጣሁም። የሚይዛችሁ ጌታ አለ ልላችሁ ነው። ጨርሳችሁ ኑ አይልም፤ እንዳላችሁ ኑ ነው የሚለው። ያላለቀች ጸሎት ይሰማል፤ እኔ ምስክር ነኝ! እመኑት። እባካችሁ እመኑት።

የመጣሁት ሁሉም ነገር አልቆልኝ እንዳይመስላችሁ። ዕጢው ገና አንገቴ ውስጥ ነው። ልቤ ስለተረጋጋ በሚቀጥለው ሳምንት ቀዶ ጥገና ይደረግልኛል። ዶክተሩ ማደንዘዣው ሲሰጥሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ራስሽን ልቀቂ ብሎኛል። ዓይን መጨፈን ለእኔ ምን እንደነበር አሁን ታውቃላችሁ። አልፈራሁም ብል ውሸት ነው፤ ትናንትም ፈርቻለሁ። ግን እጨፍናለሁ ወገኖቼ። ስገልጠው የማየው የልጆቼን ፊት ይሁን የጌታዬን ፊት አላውቅም፤ በሁለቱም በኩል የሚጠብቀኝ አለ። ተባረኩ።